ፍሪጅ ያቆያል እንጂ አያድንም

በከተሞቻችን ማቀዝቀዣ፣ ወይም ብዙዎቻችን እንደምንጠራው ፍሪጅ፣ በአንድ ወቅት ሳሎን ውስጥ ቆሞ እንግዳ እንዲያየው የሚደረግ፣ ዳንቴል የሚለብስና አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ የሚቀመጥበት የክብር ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን በኮንዶሚኒየሙም፣ በኪራይ ቤቱም፣ በግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍልም ሳይቀር ገብቶ የዕለት ተዕለት ኑሮ መሣሪያ ሆኗል። በተለይም ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባው ሠራተኛ እናት፣ እሑድ ሠርታ ያስቀመጠችው ወጥ እስከ ረቡዕ እንዲያደርሳት የምትተማመነው በዚሁ ዕቃ ነው። ዳንቴሉ ግን ዛሬም በብዙ ቤት አልወረደም፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ጉዳቱ የሚመጣው መተማመኑ ከልኩ ሲያልፍ ነው። «ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው፣ ምን ይሆናል?» የሚለው አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። ምሳ ላይ ተሠርቶ እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ወጥ እንዳይበላሽ ተብሎ ወደ ፍሪጅ ይገባል። ጠረኑ መለወጥ የጀመረ ወተት ይገባል። ሳምንት ያለፈው የምስር ወጥ ከጥግ ተፈልጎ ይወጣና ሞቅ ተደርጎ ለልጅ ይቀርባል። ሌሊት ልጁን ሆዱን ሲቆርጠውና ሲያስመልሰው «ብርድ መታው» ይባላል፤ ፍሪጁን የሚጠረጥር ግን የለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የፍሪጅ ሥራ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ምግብን የሚያበላሹትና ሰውን የሚያሳምሙት በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መካከል በፍጥነት ይራባሉ፤ ሁኔታው ሲመቻቸው አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ በታች ሲወርድ እርባታቸው በጣም ይዘገያል። በረዶ ቤቱ፣ ማለትም ፍሪዘሩ፣ ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ይቆማል። ይዘገያል፣ ይቆማል አልን እንጂ ይሞታሉ አላልንም። ከበረዶ ቤት ወጥቶ የቀለጠ ሥጋ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ሙቀት ሲያገኙ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከፍሪጅ መደርደሪያ የወጣ ጥሬ ሥጋም ቀዝቅዞ ስለነበረ ብቻ ኮሶ አያስይዝም ማለት አይደለም።

«እንደገና ካፈላሁት ምን ችግር አለው?» የሚሉ እናቶች ብዙዎች ናቸው። እውነት ነው፣ እናቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖራቸው ወጡን ጠዋትና ማታ እያፈሉ ያቆዩ ነበር። ዘዴያቸው ምክንያት ነበረው፤ ባክቴሪያው ገና ሳይበዛ ቶሎ ቶሎ ይገደል ነበርና። እኛ ዛሬ የምናደርገው ሌላ ነው። ወጡን ከውጭ እናውለዋለን፣ ከዚያ ለቀናት ፍሪጅ ውስጥ እንረሳዋለን፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ አፍልተን ንጹሕ ሆነ እንላለን። ነገር ግን አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲራቡ በምግቡ ውስጥ መርዝ ይተዋሉ። ለምሳሌ በሰው አፍንጫና በቆሰለ ጣት ላይ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። በተቀቀለ ሩዝ ላይ የሚራባውም ባክቴሪያ እንዲሁ የማፍላት ሙቀትን የሚቋቋም መርዝ ይተዋል። ባክቴሪያው ሞቶ መርዙ ይቀራል ማለት ነው። ሽታው ያልተለወጠ፣ ጣዕሙም ደህና የሆነ ምግብ ሊያሳምም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በመሆኑም የተሠራ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። ትኩስ ድስት ፍሪጅ ውስጥ አይገባም ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ትክክልም ነው፤ ትኩሱ ድስት አጠገቡ ያለውን ወተትና ሥጋ ሁሉ ያሞቃል፣ እንፋሎቱም በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ታዲያ በሰታቴ የተሠራ ወጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዴት ይቀዘቅዛል? ክዳኑን ገጥሞ ማድቤት ውስጥ ማሳደር መልስ አይደለም። ትልቅ ድስት መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሌሊት ሊፈጅ ይችላል። የሚሻለው ወጡን ጠለቅ ባላሉ፣ አፋቸው ሰፊ በሆኑ ሁለት ሦስት ዕቃዎች መከፋፈል፣ ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ አልፎ አልፎ ማማሰል ነው። ግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ለብ ይላል፤ ከዚያ ተከድኖ ይገባል። ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። ረቡዕ ማታ አንዱ ዕቃ ብቻ ይወጣል እንጂ ሙሉው ድስት በየቀኑ እየወጣና እየሞቀ አይመለስም።

እንዲህ በአግባቡ የቀዘቀዘ የተሠራ ወጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ጥሬ ዶሮና የተፈጨ ወይም የተከተከተ ሥጋ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፣ በቁራጭ ያለ የበሬ ሥጋ ከሦስት እስከ አምስት ቀን። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ቦታው በረዶ ቤቱ ነው። እሑድ የተሠራውን እስከ ረቡዕ ያልነው እንግዲህ በልኩ ነው፤ እስከ ዓርብ ግን አይሆንም። የሐሙስና የዓርቡ ድርሻ እዚያው እሑድ በረዶ ቤት መግባት አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ፍሪጁ በእርግጥ 4 ዲግሪ ሲሆን ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የመቆጣጠሪያው ቁልፍ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ዲግሪ አድርገን በማየት ነው። ከ1 እስከ 5 ወይም እስከ 7 የተጻፉት ቁጥሮች የቅዝቃዜ ደረጃዎች እንጂ ዲግሪ አይደሉም። በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅዝቃዜው ይጨምራል። 1 ላይ ያደረገች እናት ፍሪጇን እጅግ ያቀዘቀዘች ሲመስላት በእርግጥ ከሁሉ ያሞቀችው እሷ ናት። ቅዝቃዜውን ለማወቅ አንድ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ገዝቶ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማሳደርና ጠዋት ወዲያው ማንበብ ይበቃል። ለትኩሳት የምንጠቀምበት የሰው ቴርሞሜትር ለዚህ አያገለግልም፤ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብምና።

ሥራው ግልጽ እንዲሆን ፍሪጁ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከውስጡ ሙቀትን አውጥቶ ወደ ውጭ ይጥላል። ነገሩ ለአገራችን እናት እንግዳ አይደለም። በሸክላ እንስራ ያደረ ውኃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ላይ እንደ ላብ የሚወጣው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከእንስራው ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። በፍሪጁም ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ጋዝ አለ። ጋዙ በሞተሩ ተጨምቆ ከጀርባ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ይለቅና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ወደ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ጋዝ ይሆናል፤ ሲለወጥም እንደ እንስራው ውኃ የምግቡን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ጀርባው የሚሞቀው ለዚህ ነው። በአንዳንድ ፍሪጆች ፍርግርጉ በጎን ግድግዳው ውስጥ የተሸሸገ ስለሆነ ጎኑ ይሞቃል፤ ብልሽት አይደለም።

አሁን ወደ ዳንቴሉ እንመለስ። ፍሪጁ ሙቀቱን የሚጥልበት ቦታ ካጣ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ የመብራት ሒሳብ ይጨምራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ በሁለቱ ቁም ሣጥኖች መካከል ተሰንቅሮ፣ ከላዩ እስከ ጀርባው የሚወርድ ጥልፍ ለብሶ የቆመ ፍሪጅ በጋቢ ተጠቅልሎ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከምጣድ፣ ከቡታ ጋዝ፣ በመስኮት ከሚገባ ፀሐይ ይለይ። የቡና ከሰልም አጠገቡ አይቀመጥ። ዳንቴሉ ይቅር አንልም፤ ለሚወዱት ከላይ ብቻ አጠር ብሎ ይደረግ፣ ወደ ጀርባና ወደ ጎን አይውረድ። በጀርባው ፍርግርግ ላይ የሚከማቸው አቧራም ያው ጋቢ ስለሆነ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሶኬቱ ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

ስለ አቀማመጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ዋናው አንድ ነው። ጥሬ ሥጋና ዶሮ ከሁሉ በታች፣ ውኃው በማይወጣበት ዕቃ ውስጥ ይሁን። የሥጋ ውኃ ሰላጣ ላይ ወይም በተሠራ ወጥ ላይ ከተንጠባጠበ ሰላጣው አይበስልምና ባክቴሪያውን እንዳለ እንበላዋለን። የበሩ መደርደሪያ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት የሚያገኝ ቦታ ስለሆነ ወተት የሚቀመጥበት አይደለም፤ ለውኃ፣ ለአቼቶና ለሎሚ ጭማቂ ይበቃል። በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርድሮ አየር እንዳይዘዋወር ማድረግም ጥቅም የለውም። በሌላ በኩል ፍሪጅ የማያስፈልጋቸውን ነገሮች ማስወጣት ቦታ ይሰጣል። ደረቅ በርበሬና ሽሮ ፍሪጅ አይሹም። ድንች ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ሙዝ ይጠቁራል፤ ቀይ ሽንኩርት አየር በሚያገኝ ቅርጫት ይሻለዋል። ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ከውጭ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል። እንጀራም ሳይጠቀለል ከገባ ጠርዙ እንደ ወረቀት ይሆናል፤ በክረምት ሻጋታ ያስቸገራት እናት ግን በላስቲክ በደንብ ጠቅልላ ብታስገባው አትጎዳም።

ከዓመት ዓመት ፍሪጆቻችን ከሁሉ የሚፈተኑት በበዓል ነው። የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ቅርጫ፣ የአረፋ ሥጋ ሲደርስ፣ ገና የእርዱ ሙቀት ያለቀቀው 10 ኪሎ ሥጋ በአንድ ፌስታል ታጭቆ ወደ ትንሽ ፍሪጅ ይገባል። በዚያው ዕለት ዶሮ ወጡ፣ አይቡ፣ ጠላው በጆግ፣ ለስላሳ መጠጡ ሁሉ ይጨመራል፤ በሩም እንግዳ በመጣ ቁጥር ይከፈታል። የክምሩ መሐል ሌሊቱን ሙሉ ሞቆ ያድራል። በማግስቱ ሥጋው ውጪው ቀዝቅዞ ውስጡ ሽታ ካመጣ ጥፋቱ የፍሪጁ አይደለም። ትንሽ ፍሪጅ 10 ኪሎ ትኩስ ሥጋ ባንድ ጊዜ ለማቀዝቀዝ አልተሠራም።

የደረሰን መደብ እንደመጣ ሦስት ቦታ ቢከፈል ይሻላል። ጨጓራው፣ ጉበቱና ሌላው የሆድ ዕቃ ቶሎ ስለሚበላሽ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ይበላ። ስቡ የተለየው ቀይ ሥጋ ከፊሉ እዚያው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሁን፤ ቋንጣ መብራት ቢጠፋም አይጨነቅም። የቀረው ለአንድ ጊዜ ማብሰያ በሚበቃ መጠን፣ ግማሽ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ እየተደረገ፣ በላስቲክ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ጠፍጠፍ ብሎ ይታሸግ። ጠፍጣፋው ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፣ ሲወጣም ፈጥኖ ይቀልጣል፤ ድቡልቡሉ ግን ለሁለቱም ይዘገያል። ለስላሳ መጠጡ ለዚያች ቀን ከፍሪጅ ይውጣና ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ፤ ለብ ያለ ለስላሳ ማንንም አላሳመመም። በረዶ የሆነው ሥጋ ለማብሰል ሲፈለግም ማታ ከበረዶ ቤት ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይወርድና እዚያው ይቅለጥ እንጂ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ ወደ ሥራ አይኬድ።

ሌላው በዚህ ገጽ በተለይ ልናነሣው የፈለግነው የሕፃናት ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ ከወለደች በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሐኪሞች ደግሞ ሕፃኑ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ሌላ እንዳይሰጠው ይመክራሉ። በመካከሉ ያለው የሦስት ወር ክፍተት ብዙ እናቶችን አስለቅሷል። በቤት ያለው ፍሪጅ ግን ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል። እናቲቱ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በፈላ ውኃ በተቀቀለና ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ያለበችው ወተት በፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ከፍሪጅ ውጭ፣ ክፍሉ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ፣ እስከ አራት ሰዓት ነው። ቦታው ከበሩ ርቆ ወደ ውስጥ ነው። በየዕቃው ላይ የታለበበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ የቀደመው ይቅደም። አንድ ጊዜ ሕፃኑ የሚጠጣውን ያህል ብቻ በአንድ ዕቃ ማድረግ ብክነትን ይከላከላል፤ ሕፃኑ አፉን አስነክቶ የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥምና።

ለማሞቅ እሳት ላይ አይጣድም። ዕቃው ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ይቀመጥና ለብ ሲል በንጹሕ ሲኒ ቀስ እያደረጉ ማጠጣት ይቻላል፤ ጡጦ ግድ አይደለም። ሲያድር ስቡ ከላይ ቢንሳፈፍ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃል። በረዶ ቤት ገብቶ የቀለጠ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ተመልሶ በረዶ አይደረግም። በሥራ ቦታ የምታልብ እናትም የቀዘቀዘ የበረዶ ላስቲክ ባለበት ሙቀት በማያስገባ ሣጥን ይዛው ልትመለስ ትችላለች። ሕፃኑን የምትይዘው ሞግዚት ወይም አያት ይህን ሁሉ ከእናቲቱ እኩል ማወቅ አለባት። እማማ በደግነት «ትንሽ ላፍላለት» ብለው ምድጃ ላይ ቢጥዱት የእናቲቱ ድካም ከንቱ ይሆናል።

የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቦታ ይቀመጣል። ከበረዶ ቤቱ አጠገብና ከኋላው ግድግዳ ይራቅ፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራምና ይጣላል።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ በሩን አለመክፈት ነው። ተዘግቶ የቆየ ፍሪጅ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ በረዶ ቤት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ በረዶ ቤቱ ባዶ ቦታ ካለው ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ፣ ጥቂት ጎደል ተደርጎ፣ ቢሞላበት ለጨለማ ቀን ስንቅ ይሆናል። ከአራት ሰዓት በኋላ ሥጋ፣ ወተት፣ የተሠራ ወጥ አጠራጣሪ ናቸው፤ ቅቤ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ግን አይቸኩሉም። በረዶ ቤት ያለው ሥጋ በረዶው ገና ካለበት ተመልሶ ሊጠነክር ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ሶኬቱን መንቀል ነው። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከ220 ቮልት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊዋዥቅ ይችላል። በተጨማሪም ሞተሩ ሥራ ካቆመ በኋላ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል፤ ወዲያው ከተነሣ ታፍኖ እያጉረመረመ ይግላል፣ ሲደጋገምም ይቃጠላል። መብራቱ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ መሰካት ብዙ ወጪ ያድናል። ሁልጊዜ ቤት ለማትገኝ ሠራተኛ ይህን በራሱ የሚያደርግ የኃይል መከላከያ መግዛት ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚወስድ ከፍሪጁ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ፈጽሞ አይሰካ። ማከፋፈያው ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሣል። የፍሪጁን አካል በባዶ እግር ስንነካ ነዘር የሚያደርግ ከሆነም «ትንሽ ነው» ተብሎ አይተው፤ የመሬት ገመዱን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይመልከተው።

ሒሳብ ለመቆጠብ ማታ ማታ ፍሪጃቸውን የሚነቅሉ አሉ። አንዳንድ ጊዜ የጋራ ቆጣሪ ባለበት ግቢ አከራይ የሚያዝዘውም ይህንኑ ነው። ፍሪጅ ግን እንደ አምፖል ሁልጊዜ አይበላም፤ ቅዝቃዜው ሲደርስ ሞተሩ ራሱ ያርፋል፣ ሲሞቅ ይነሣል። ሌሊት 8 ሰዓት ተነቅሎ ሲያድር ውስጡ ይሞቃል፤ ጠዋት ሲሰካ የወጣውን ቅዝቃዜ ለመመለስ ያለ ዕረፍት ይሠራል። የሚተርፈው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ምግቡ ግን በየሌሊቱ ከአደገኛው ሙቀት ውስጥ ያድራል። እንዲህ ከሆነ ባይኖር ይሻላል፤ የሌለውን አንተማመንበትምና። ሒሳብ የሚቀንሰው በሩን ቶሎ መዝጋት፣ ከሙቀት ማራቅ፣ በረዶውን ማራገፍና የበሩን ጎማ መመርመር ነው።

የበሩን ጎማ ለመመርመር አንድ የብር ኖት በበሩና በአካሉ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው። ኖቱ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ላልቷል፤ ቀዝቃዛው አየርም በዚያው ይወጣል። አንዳንዴ ችግሩ እድፍ ብቻ ነው፤ በለብታ የሳሙና ውኃ ሲታጠብ ይመለሳል። ካልተመለሰ ጎማው ይለወጥ። ውስጡን ለማጽዳትም በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በቂ ነው፤ በረኪና ሽታውን ለምግቡ ይተዋል።

በረዶው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ የተጋገረ በረዶ እንደ ግድግዳ ሆኖ ቅዝቃዜውን ያግዳልና። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይሻል። ሶኬቱ ይነቀል፣ በሩ ይከፈት፣ የሞቀ ውኃ በድስት ውስጡ ይቀመጥ፣ ከታች ጨርቅ ይነጠፍ። በቢላ የሚቆፍር ሰው ቧንቧውን ይበሳል። ይህ ዛሬ ከወጪም በላይ ነው። ድሮ በፍሪጆች ውስጥ የነበረው ጋዝ የምድርን የኦዞን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ሳቢያ ቀርቷል። በዛሬዎቹ ብዙ የቤት ፍሪጆች ያለው አር 600ኤ የሚባለው ጋዝ የምንጣድበት ቡታ ጋዝ ዘመድ ነው፤ ኦዞኑን አይጎዳም፣ ግን ይነድዳል። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ ሊያስፈራን አይገባም። ቧንቧው ከተበሳ ግን ክብሪት ሳይጫርና ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነካ መስኮት መክፈት ነው።

ስለ ጋዝ ካነሣን፣ አንዳንድ ጠጋኞች በየዓመቱ «ጋዙ አልቋል» እያሉ ሞልተው ይሄዳሉ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ስለሆነ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ ባለሙያ ደንበኛውን ለከርሞ ቀጠሮ ሰጥቶት መሄዱ ነው። የሚሞላውም በፍሪጁ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ መሆኑን፣ ቧንቧ በእሳት ከመበየዱም በፊት ያለው ጋዝ መውጣቱን ቆማችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻ ሥራ ስላቆመው ፍሪጅ። በብዙ ግቢ የሞተ ፍሪጅ አይጣልም፤ በረንዳ ላይ ቆሞ የጫማ ወይም የመጽሐፍ ማስቀመጫ ይሆናል። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ከእሱ የተሻለ መደበቂያ አያገኙም። የበሩ ጎማ አየር አያስገባም፣ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ጩኸት በደንብ አይሰማም፤ የድሮዎቹ መቆለፊያ ያላቸው ደግሞ ከውስጥ ፈጽሞ አይከፈቱም። በአሜሪካ ብዙ ሕፃናት በዚህ ታፍነው ከሞቱ በኋላ በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፍሪጅ በር ከውስጥ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። የዛሬው በር በማግኔት ስለሚዘጋ ትልቅ ልጅ ገፍቶ ሊወጣ ይችላል፤ የሦስት ዓመቱ ሕፃን ግን በጨለማ ውስጥ ደንግጦ ላይገፋው ይችላል። ስለዚህ ያገለገለው ፍሪጅ ቁም ሣጥን የሚሆን ከሆነ በሩ ይነቀልና በመጋረጃ ይተካ። በሩን የያዙት ጥቂት ብሎኖች ናቸው፤ በአንድ ካቻቢቴ ይፈታሉ።